የጥርስ ንጣትና የጥርስ ጤንነት

በኢትዮጵያ የነጭ ጥርስ ውበት ከጥንት ጀምሮ ሲወደስ የኖረ ነው። የቆንጆ ጥርስ «በረዶ» ወይም «ወተት» እየተባለ ይመሰገናል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረውም ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ይበልጥ ነጥቶ እንዲታይ በማሰብ ነው። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ጥርስን በኬሚካል ማንጣት በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን፣ የሚያስከትለውንም ጉዳት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥርስ ሲታይ አንድ ወጥ ቢመስልም በልዩ ልዩ ክፍሎች የተሠራ ነው። የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ኢናሜል በሰው አካል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የበለጠ ጠንካራ ሲሆን፣ ብርሃንን በከፊል ያሳልፋል። ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን የተባለ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ክፍል አለ። በመካከሉም ነርቭና የደም ሥሮች ይገኛሉ። የዴንቲኑ መልክ በኢናሜሉ በኩል ስለሚታይ የጤነኛ ሰው ጥርስ እንኳ እንደ ወረቀት የነጣ አይደለም። በመሆኑም ጥቂት ቢጫነት የበሽታ ምልክት አይደለም።

የጥርስ መልክ በተለያዩ መንገዶች ይለወጣል። አንደኛው ቡና፣ ሻይና ትምባሆ በጥርስ ገጽ ላይ የሚተዉት ቀለም ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የሚፈጠር የመልክ ለውጥ ነው። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት በሕፃንነታቸው የወሰዱ ልጆች ጥርሳቸው ሊጠይም ይችላል።

ለማንጫነት በብዛት የሚያገለግለው ኬሚካል ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ይህ ፈሳሽ ኢናሜሉን አልፎ ወደ ዴንቲኑ ይገባና ቀለም ያላቸውን ሞለኪዩሎች ይሰባብራቸዋል። ከዚህ የተነሣ ጥርሱ ፈካ ብሎ ይታያል። ነገር ግን ኬሚካሉ ወደ ነርቩ አጠገብ በሚደርስበት ጊዜ ጥርስ ይጠርሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ብርድ ሲነካው ሕመም ይሰማል። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋ ነው። ድድንም ከነካ ያቃጥላል። ጥርሱ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ኬሚካሉ በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ሕመሙ ይበረታል። ስለዚህ በቅድሚያ በጥርስ ሐኪም መመርመር ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት የጥርስ ማንጫ በቀጥታ ለሕዝብ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም እንዳይሰጥ ተደንግጓል።

ከዚህም በላይ የማንጫው ኃይል ወሰን አለው። በሐኪም የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ በማንጫ መልኩን አይለውጥም። የነጣውም ጥርስ ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይደበዝዛል። አንዳንድ ሰዎች ወጪን ለመቀነስ ጥርሳቸውን በሎሚ ወይም በከሰል ዱቄት ይፈትጋሉ። የሎሚው አሲድ ኢናሜሉን ያሟሟዋል፤ ከሰሉም ይፍቀዋል። ኢናሜል አንድ ጊዜ ካለቀ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሽፋኑ ሲሳሳም ከሥሩ ያለው ቢጫ ዴንቲን ይበልጥ ስለሚጎላ፣ ንጣትን የፈለገው ሰው የሚያገኘው ቢጫነትን ይሆናል።

የማንጫ ወሰን በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነው። በወንጂና በሌሎችም የሸለቆው አካባቢዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባ ፍሎራይድ አለ። ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እጅግ ሲበልጥ ግን በልጅነት የሚሠራውን ኢናሜል ያበላሻል። ጥርሱም ነጫጭና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲብስም ይቦረቡራል። በዚህ ምክንያት ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ወጣቶች አሉ። ማንጫ ቡናማውን ቀለም ሊያቀልለው ቢችልም የተቦረቦረውን ኢናሜል አይጠግንም፤ ነጩንም ነጠብጣብ አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያጎላዋል። ፍሎራይድ ከመጠን በላይ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ስለሚጎዳ፣ ጥርስን ብቻ ማንጣት ዋናውን ችግር አያስወግደውም።

መፍትሔው የሚገኘው ከውሃው ነው። ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ይልቁንም ውሃውን በአጥንት ከሰል ማጣራት ወይም ፍሎራይድ ካልበዛበት ምንጭ መቅዳት ይጠቅማል። ይህም በተለይ ሕፃናት ቋሚ ጥርሳቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ሊደረግ ይገባል። በዚያ ጊዜ ንጹሕ ውሃ ያገኘ ልጅ፣ ካደገ በኋላ ማንጫ ሊመልስለት የማይችለውን ጤነኛ ኢናሜል ይዞ ያድጋል።