ሸራው አዲስ፣ ፍሬኑ ግን ይጎትታል፦ ችግሩ ካሊፐሩ ጋ ቢሆንስ?

የፍሬን ሸራ ካስቀየረ ገና 5 ወር ያልሞላው ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት በቪትዙ ከእንጦጦ ሲወርድ የመቃጠል ሽታ ሸተተው። መሪውም ወደ ቀኝ ይስበዋል። ቆሞ ሲያይ የፊት ቀኝ ጎማው ቸርኬ እጅ አያስጠጋም፣ ግራው ግን ደህና ነው። ጋራዥ ወስደነው ጎማው ሲፈታ የውስጠኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን መፋቅ ጀምሯል። የውጪው ሸራ ደግሞ ገና እንደ አዲስ ነው።

ለምን? እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች የፊት ካሊፐሩ ያለው ፒስተን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በውስጥ በኩል። ፍሬን ስትረግጡ ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ ወደ ዲስኩ ይገፋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ስቦ ያመጣል። ፒኖቹ ከዛጉ ወይም ግራሷቸው ከደረቀ ካሊፐሩ ይያዛል። ያኔ ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ሸራ ላይ ይወድቃል፣ እግራችሁን ብታነሱም ፍሬኑ በደንብ አይለቅም።

ስለዚህ ሸራ መቀየር ብቻውን ሰርቪስ አይደለም። ጋራዥ ስትሄዱ አጠገቡ ቁሙና እነዚህን እዩ፦

1. ሁለቱም ፒኖች ወጥተው ይጽዱ፤ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ይቀቡ። ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ጎሚኒውን ሊያሳብጠው ይችላል፣ ፒኑም ተመልሶ ይያዛል።

2. የፒን ወይም የፒስተን ጎሚኒ ከተቀደደ ይቀየር። በቀዳዳው ውሃና አቧራ ይገባል።

3. ካሊፐሩ ሲፈታ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ ይታሰር። ቱቦው ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

4. ፒስተኑ ሲገፋ አልገባም ካለ በመዶሻ አይመታ። ተፈትቶ ይታይ።

5. የፍሬን ዘይት ከጎደለ የዘይት ቋቱ ክዳን ላይ የተጻፈውን (ዶት 3 ወይም ዶት 4) ብቻ ጨምሩ። የሞተር ዘይት ከገባ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያበላሻል።

6. ከጋራዡ ሳትወጡ፣ መኪናው እንደቆመ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ረስቶ መንገድ መግባት አደገኛ ነው።

ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትጠብቁ፤ ስትቀይሩም የግራና የቀኙን አንድ ላይ።

ጓደኛችን መኪናዋ የእንጀራው ገመድ ናት። ያኔ ሸራውን ሲያስቀይር መካኒኩ «ፒኖቹን ላጽዳቸው?» ብሎት ነበር። እሱ ግን «ተወው፣ ቸኩያለሁ» አለ። አሁን ሸራ ብቻ ሳይሆን ዲስክም ሊገዛ ሶማሌ ተራ ወርዷል። ደግነቱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልከዳውም።

መኪና የሚነዳ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።