ያገለገለ መኪና የሚገዛ ተማሪ ምን ይጠይቅ?



በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ልጁ በሕፃንነቱ እዚህ አሜሪካ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በቅዳሜና እሑዱ መድረሳችን ቁርኣን ያስቀራሁት ነው። ዛሬ አድጎ ቀን አናንዴል ካለው ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፣ የሚኖረው ደግሞ ከእናቱ ጋር ዉድብሪጅ ነው። የእነዚህን ቦታዎች ርቀት የሚያውቅ ሰው ልጁ በአውቶቡስ ብቻ እንደማይዘልቅ ይረዳዋል። «ኡስታዝ፣ መኪና ልገዛ ነው፤ ብድሩም ተፈቅዶልኛል» አለና ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

በመደበኛው ትምህርት ቤት የማስተምረው ሒሳብ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው። 14,000 ዶላር፣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ ለ72 ወር። ይህ በየወሩ 319 ዶላር ገደማ ነው። ስድስት ዓመቱ ሲሞላ ልጁ 22,990 ዶላር ያህል ከፍሏል፤ ወለዱ ብቻ 9,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድደዋል፤ የወጣት ኢንሹራንስ ደግሞ ውድ ነው። የወለድን ሐራምነት ራሱ ያውቀዋል፤ ያስቀራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስብከት ውስጥ አልገባሁም።

«በእጅህ ስንት አለ?» አልኩት።

«6,500። ግን በዚህ ዋጋ የሚገኘው ሁሉ ቆሻሻ ነው ይላሉ። የምከፍለው እኮ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ገንዘብ ነው። መኪናው ቢቆም ትምህርቱም ይቆማል።»

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። እኔም በዚህ መንገድ አልፌበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ በፓርኪንግ ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኳትን 3,800 ዶላር ይዤ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ገባሁ። ጊዜው መሽቷል፣ ዝናብ ያካፋል። መኪናው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ምንጣፉም አዲስ ነው። ያን ሳይ «ምንጣፉ እንኳ አዲስ ነው!» ብዬ ተደሰትኩ። ያረጀ መኪና ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ወር መብራቶቹ በራሳቸው ይበሩና ይጠፉ ጀመር፤ ቀጥሎ መስኮቶቹ፣ ከዚያም ሞተሩ። መካኒኩ ወንበሩን ሲፈታው ከሥሩ ደረቅ ጭቃና የዛገ ብሎን ወጣ። በኦክቶበር 2012 መጨረሻ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የኒው ጀርሲንና የኒው ዮርክን ዳርቻ አጥለቅልቆ ብዙ መኪና በውኃ ተበላሽቶ ነበር። እኔም ውኃ ውስጥ የከረመ መኪና ታቅፌ ቀረሁ።

ሻጩ ጋ ስመለስ ፊርማዬን አሳየኝ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ነጋዴው በሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የሚለጥፈው ወረቀት አለ። በዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት «እንዳለ ተሽጧል» ማለት ነው፤ ከግቢው ከወጣህ በኋላ ጥገናው የራስህ ነው። እኔ ወረቀቱን ያነበብኩት መኪናው ከቆመ በኋላ ነበር።

በመድረሳ የግብይትን ምዕራፍ ስንቀራ «ዐይብ» የሚል ቃል ነበር። (ሕፃናት ስለነበርን ከሚበላው አይብ ጋር እያምታታን እንስቅ ነበር።) ትርጉሙ በዕቃው ላይ ያለ ጉድለት ነው። የተደበቀ ዐይብ የተገኘበትን ዕቃ ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው የፊቅህ ሊቃውንት ጽፈዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸው፣ ነጋዴውንም እርጡቡን ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው መውቀሳቸው በሐዲስ የታወቀ ነው።

ፈተናው ወደ እኔም መዞሩ አልቀረም። ያንኑ መኪና ልሸጠው ሳወጣ አንድ ሰው 2,500 ዶላር ሰጠኝ። እንደ ዕድል ሆኖ ሞተሩ በዚያን ቀን ያለ እንከን ይሠራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምላሴ ዘገየ፤ ውኃ የገባው መሆኑን የነገርኩት ሰውየው ብሩን መቁጠር ከጀመረ በኋላ ነው። አመስግኖኝ ሄደ። በመጨረሻ አሮጌ ብረት የሚገዙ ሰዎች በ400 ዶላር ወሰዱት።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ከነገርኩት በኋላ ብድሩን ትቶ አብረን ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያ 6,500ውን በሙሉ ለመኪናው አላዋልነውም። በቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፤ ስም ማዛወሪያና ሰሌዳ አለ፤ ኢንሹራንሱም አለ። ያገለገለ መኪና ደግሞ ገዝተኸው ስታበቃ ጎማ ወይም ባትሪ መጠየቁ አይቀርም። ጣሪያችን 5,500 ሆነ። ኢንሹራንሱን ሳንገዛ በፊት ደውለን ጠየቅን፤ በጥሬ ገንዘብ ለተገዛ አሮጌ መኪና ሙሉውን መግባት ግዴታ ስላልሆነ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም።

ብዙ ወንድሞች «ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪዎች ብዙዎቹ ዘይት በመጠጣት የታወቁ ናቸው። ከ2006 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በወጡት የሆንዳ ሲቪክ ሞተሮች ላይ የብሎክ መሰንጠቅ ታይቷል። በ2013ና በተከታዮቹ ዓመታት የወጡት ኒሳን አልቲማና ሴንትራ ደግሞ በሲቪቲ ካምቢዯቸው ብዙ ባለቤት አስለቅሰዋል። ስለዚህ ከስሙ ጋር የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ማን እንደያዘውና እንዴት እንደያዘው።

መኪና የሚታየው በቀን ብርሃን፣ ሞተሩም ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀህ አንድ ነገር ደብቆ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። በመስታወቱ በኩል ከዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር በሾፌሩ በር መቃን ላይ ካለውና ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለበት። እዚህ ታይትል በሚሉት ሊብሬ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ካለ መኪናው አንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ ተብሎ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ንጹሕ ሊብሬም ብቻውን አያስተማምንም፤ በውኃ የተበላሸ መኪና ከግዛት ወደ ግዛት እየተዛወረ ምልክቱ ሊጠፋለት ይችላል። ምንጣፉን ገልጡ፤ የወንበሩን ብሎን እዩ።

በመጀመሪያ የወደድነው መኪና ለዓይን እንከን አልነበረውም። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለውን መካኒክ 150 ዶላር ከፍለን አስመረመርነው። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና ከፊት በኩል ሻንሲው ተጎድቶ የተበየደበትን ቦታ በባትሪ አሳየን። ልጁ በመንገድ ላይ ፊቱ ጠቁሮ «150 ዶላሬ ተቃጠለ» አለኝ። እኔ በ2013 ይህን ያህል አውጥቼ ቢሆን ኖሮ 3,800ው ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር አልኩት፤ አልተጽናናም። (ይህ ነገር የወንድ ሥራ ይመስላቸው የነበሩ እህቶችም ልብ ይበሉ፤ መርማሪው ገንዘብ ለከፈለው ሁሉ ያው ነው።)

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጡረተኛ የሚሸጠውን የ2010 ኮሮላ አየን። 148,000 ማይል ሄዷል። ሰውየው ገና ሳንጠይቃቸው የፊት ቀኝ መስኮት እንደማይወርድና የኋላ ጎማዎቹ ማለቃቸውን ነገሩን፤ ከዚያ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞች የታጨቁበት ፖስታ አወጡ። ይህን ስሰማ የተማሪዬን ጎን በክርኔ ነካሁት። ምርመራውም አለፈ። መለያ ቁጥሩን በመንግሥቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት መፈለጊያ ስናስገባ ግን የታካታ ኤርባግ ጥሪ ሳይሠራለት የቀረ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥሪ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ነው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ብረት በትኖ ሰው ገድሏል። ቅያሪው ነፃ ስለሆነ ሻጩ ራሳቸው ወስደው አስቀየሩት።

5,600 ብለው ነበር፤ ጎማዎቹን አንስተን በ5,300 ተስማማን። ታክሱ 220 ዶላር ገደማ መጣ። ልጁ አሁን ከኢሻ በኋላ ሲያልፍ አንዳንዴ ቤቴ ያደርሰኛል። መስኮቱ እስካሁን አልተሠራም፤ ሲሞቀኝ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጌ እንድቆይ ይለምነኛል፣ እኔም እምቢ እላለሁ።