ከራሳችን ቁመት ስንወድቅ

‹‹መንገድ ለሰው›› የተሰኘው መርሐ ግብር በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር መኪና ገለል ያለባቸው እሑዶች መስቀል አደባባይን ለባለ ሮለሩና ለባለ ስኬትቦርዱ ለቀቁለት። በካዛንቺስና በእስጢፋኖስ በኩል የሚመጡት ታዳጊዎች ብቃት ያስደስታል። ሄልሜት ያደረገ ግን ጥቂት ነው። ይሞቃል፣ ፀጉር ያበላሻል፣ ‹‹ለጀማሪ ነው›› ይባላል። ብዙዎችን የሚያዘናጋው ግን ‹‹ቀስ ብዬ ነው የምሄደው›› የሚለው ነው።

ራስን የሚጎዳው የመንኮራኩሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የገዛ ቁመታችንም ነው። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆሞ ሳለ እግሩ የከዳውም ሰው ከዚህ አያመልጥም።

ጉዳቱን የሚወስነው ይህ ፍጥነት የሚቆምበት ርቀት ነው። ራስ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የክብደቱን 300 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን ወደ 75 እጥፍ ይወርዳል። ሄልሜት የሚሰጠን እነዚህን ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ነው። ጠንካራው ሽፋን ምቱን ያሰራጫል፤ ከሥሩ ያለው፣ በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን የሚመስል ነጭ ፎም፣ እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይውጣል። የተጨፈለቀው ፎም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት፣ ላዩ ደህና ቢመስልም፣ መቀየር አለበት።

በበረዶ ቁልቁለት ላይ በስኖውቦርድ የሚንሸራተቱትም ተመሳሳይ ክርክር ነበራቸው። በኖርዌይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ምርምር፣ ሄልሜት ማድረግ በራስ ላይ የሚደርስ ጉዳትን በ60 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የጀማሪዎች ዋና ጉዳት ደግሞ የእጅ አንጓ ስብራት ነው፤ የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ይዘረጋልና። የአንጓ መከላከያ ማድረግ ከሐኪምም ከወጌሻም ደጅ ያድናል።

ሄልሜት ሁሉን አይከላከልም። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ስለሚናወጥ፣ ከወደቀ በኋላ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ወይም ግራ የሚጋባ ልጅ ሄልሜት አድርጎ ቢሆን እንኳ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ ሮለር ስትገዙ በልኩ የሆነ ሄልሜት አብራችሁ ግዙ፤ ማሰሪያውንም አገጩ ሥር አጥብቁለት። ልምድ ያካበታችሁ ወጣቶችም ቀድማችሁ አድርጉት፤ ታናናሾቻችሁ የሚያዩት እናንተን ነው።