በትንሽ ከተማ ማደያ ስለ መግዛት፤ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ረጅም ዘመን ደክመው ጥቂት ጥሪት በቋጠሩ ጊዜ፥ ዓይናቸውን ከሚጥሉባቸው ንግዶች አንዱ ከዋሺንግተን ወይም ከአትላንታ ራቅ ብሎ በትንሽ ከተማ የሚገኝ የነዳጅ ማደያ ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፥ በዕቁብም ማኅበር ላይ ስለዚህ ንግድ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ቃል ከእውነቱ ጋር የማይስማማበት ስፍራ ብዙ ስለ ሆነ፥ የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ፊርማ እንዳይባክን ነገሩን ገልጦ ማስረዳት የሚገባ ሆኖ ይታየኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ተረት፥ ባለማደያ የሚከብረው ከነዳጁ ነው፥ የነዳጅ ዋጋ በናረ ቍጥርም ሀብቱ ይበዛል የሚለው ነው። እውነታው ግን፥ በጎዳናው ዳር በትልልቅ አኃዝ ተጽፎ ከሚታየው ዋጋ አብዛኛው የድፍድፉ፥ የማጣሪያው፥ የማጓጓዣውና የግብሩ ድርሻ ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ከ1993 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከየጋሎኑ ቤንዚን 18.4 ሳንቲም ይወስዳል፥ የየግዛቱም ግብር በላዩ ይታከላል። ለባለማደያው ከምትተርፈው ከጥቂት ሳንቲም ላይ ደግሞ ባንኮቹ የካርዱን ድርሻ ያነሣሉ፤ ድርሻው ከመቶ 2.5 ነው ብንል፥ ጋሎኑ 3 ዶላር ሲሸጥ 7.5 ሳንቲም የነበረው 4 ዶላር ሲደርስ 10 ሳንቲም ይሆናል፥ የሻጩ ትርፍ ግን በዚያው ልክ አያድግም። እንዲያውም የጅምላው ዋጋ ሲወጣ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ማደያ እንዳይሄድበት ፈርቶ የራሱን ዋጋ ለመጨመር ስለሚዘገይ ትርፉ ይጠባል፥ የጅምላው ዋጋ ሲወርድ ግን ጥቂት ይተነፍሳል። እንግዲህ ማደያዎቹ የሚሰበስቡት ገንዘብ አብዛኛው የነዳጅ ቢሆንም፥ ከትርፋቸው የሚበልጠው እጅ የሚገኘው ከሱቁ፥ ከቡናው፥ ከምግቡና ከቀዝቃዛው መጠጥ ነው፤ ስለዚህ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሚቀዱትን መኪናዎች ከመቍጠር ይልቅ ከቀጂዎቹ ስንቱ ወደ ሱቁ እንደሚገባ ቢመለከት ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተረት ስሙ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ታላቅ ኩባንያ የማደያው ባለቤት ነው፥ ክፉ ቀንም ቢመጣ አይጥለኝም የሚል ነው። ኤክሶን ሞቢል በአሜሪካ ከነበሩት የራሱ ማደያዎች እንደሚወጣ በ2008 አስታወቀ፤ ዛሬ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው የያዙት ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም፥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አንድ ሱቅ ብቻ ባላቸው ሰዎች እጅ ናቸው። ገዢው ውል የሚገባው ነዳጁን ከሚያቀርብለት አከፋፋይ ጋር ነው፤ በውሉም በየዓመቱ ሊሸጠው የሚገባ የጋሎን ልክ ይወሰንበታል። ለሰሌዳና ለፓምፕ ማሳደሻ ተብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ ቢመስልም፥ ውሉ ከጊዜው በፊት የፈረሰ እንደ ሆነ ተመላሽ የሚሆን ዕዳ ነው፥ ሻጩ የበላውንም ገንዘብ ውሉን የተረከበው ገዢ ሊከፍለው ይችላል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም የምድሩ ብክለት የቀድሞው ሰው ኀጢአት ነው፥ በተለይም ተከራይን አይመለከተውም የሚለው እምነት ነው። በቀደመው ዘመን የተቀበሩት የነዳጅ ታንከሮች አብዛኛዎቹ መከላከያ የሌላቸው ብረቶች ስለ ነበሩ በዝገት እየተበሱ ቤንዚኑ ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርድ ነበር። ኮንግረሱ በ1984 ሕግ አወጣ፤ በ1988 የተደነገገው ደንብም ያረጁት ታንከሮች እስከ 1998 መጨረሻ እንዲታደሱ ወይም እንዲዘጉ አዘዘ፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡም ተዘጉ። ሕጉ ኀላፊ የሚያደርገው የታንከሩን ባለቤት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚያስተዳድረውንም ጭምር ነው፤ ስለዚህ ተከራይ ነኝ ማለት ብቻውን መከታ አይሆንም። መፍሰስ ያጠራጠረ እንደ ሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ መነገር አለበት፥ ነዳጅ ሻጭም ለሚደርሰው ጉዳት የ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ማሳየት ይገደዳል፥ መድን ሰጪዎችም የታንከሩን ዕድሜ ይጠይቃሉ። ከፊርማ በፊት የቦታውን መዝገብ በባለሙያ ማስመርመር፥ ጥርጣሬም ቢኖር አፈሩንና ውኃውን በቍፋሮ ማስፈተን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ የተበከለ ምድር ማጽዳት ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሊያስወጣ ይችላል። ተከራይም ቢሆን በገባበት ቀን ምድሩ እንዴት እንደ ነበረ የሚመሰክር የፈተና ወረቀት ካልያዘ፥ በኋላ የተገኘው ብክለት የእርሱ አለመሆኑን በምን ያስረዳል?

ኪራይ ከግዢ ይልቅ ዋስትና አለው የሚሉም አሉ። በ1978 የወጣው የነዳጅ ንግድ ሕግ በኩባንያ ወይም በአከፋፋይ ምልክት የሚነግደውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት፥ አብዛኛውን ጊዜም ያለ 90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዳይሰናበት ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ነዳጅ ከማያቀርብለት ከተራ የቦታ ባለቤት የተከራየ ሰው ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው፥ በብዙ ውሎችም የንብረቱ ግብር፥ መድኑና ጥገናው በተከራዩ ላይ ይወድቃሉ።

ለግብር ካሳወቅሁት በላይ እሸጣለሁ የሚል ሻጭ ቢያጋጥም አከፋፋዩ በየወሩ ያራገፈውን ጋሎን የሚያሳይ ደረሰኝ መጠየቅ ነው፤ ባንክም የሚያበድረው ለግብር በቀረበው ሒሳብ እንጂ በአፍ በተነገረው አይደለም። ትንሽ ከተማ ተፎካካሪ የለበትም ተብሎ ለሚነገረውም፥ ከመንደሩ ውጭ የሚያልፍ አዲስ አውራ ጎዳና አንዱን ማደያ በአንድ ዓመት ባዶ ሊያስቀረው ስለሚችል፥ የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ለዚያ አካባቢ ያወጣውን ዕቅድ ከውሉ በፊት ሄዶ መመልከት ያስፈልጋል።