ከዱቤ ደብተር እስከ ራስጌ ማስታወሻ

ቡራዩ ውስጥ ከአስፋልቱ ወረድ ብለው ከሚገኙት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ከሚዛኑ አጠገብ ጠርዙ የተላላጠ ባለ 50 ሉክ ደብተር ማየቱ አይቀርም። አንድ ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ሻማ፣ የልጅ እስክሪብቶ። ከጎኑ ቀን፣ ከቀኑ ጎን ዋጋ። ባለ ዕዳው ብዙ ጊዜ በመዝገብ ስሙ አይጻፍም፤ «የቤቲ እናት»፣ «ባለ ባጃጁ»፣ «የላይኛው ግቢ ተከራይ» ይባላል እንጂ። ደመወዝ ሲወጣ መስመሩ ይሰረዛል። ደብተሩ ያለቀ እንደሆነ ቅጠሉ እየተገነጠለ ቆሎ ይጠቀለልበታል።

ይህን ደብተር ረጋ ብሎ ላገላበጠው ብዙ ያወራል። መብራት እየጠፋ ያስቸገረበት ሳምንት በሻማው ብዛት ይታወቃል። የትምህርት መጀመሪያ በእስክሪብቶው፣ የጾም መያዣና መፍቻ በዘይቱና በእንቁላሉ ይለያል። ማን ሥራ እንደፈታ፣ የማን ቤት እንግዳ እንደመጣበት ሳይቀር ፍንጭ ይሰጣል። ባለ ሱቁ ዕዳ የመዘገበ መስሎት የሰፈሩን ውሎ ሲጽፍ ከርሟል።

የዕለት ውሎን መጻፍ፣ ስለተነበበ መጽሐፍም ማስታወሻ መያዝ ከፈረንጅ የተቀዳ አመል ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ የዕድር ጸሐፊ ባልኖረ። የዕድር መዝገብ የአባላቱን መዋጮ ብቻ ሳይሆን ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን ድንኳን እንደተተከለ ይዞ ይቆያል። በየቤቱ ደግሞ ከዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ የልጆች ልደት፣ የክርስትና ስም፣ የአያት ዕረፍት በተለያየ እጅና በተለያየ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ልማዱ ሥር የሰደደ ነው። የጥንት የብራና ወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭ ውል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳትና የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሲሰፍርበት ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ መሬትና ስለ ንብረት ሲጽፉ የሚሄዱት ከወንጌሉ ቃል ይልቅ ወደዚያ ጠርዝ ነው።

የጎደለው መጻፉ ሳይሆን «እኔ» ማለቱ ነው። ገበና የሚባል ነገር አለ። ዛሬ ምን እንደበላ፣ ከሚስቱ ጋር በምን እንደተኳረፈ፣ የትኛውን መጽሐፍ ጀምሮ ሰልችቶት እንደተወው ወረቀት ላይ ማስፈር ለብዙ ሰው ራስን ማጋለጥ ነው፤ አለዚያም ራስን ትልቅ ማድረግ። ፍርሃቱም ባዶ አይደለም። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ይፈለግ የነበረው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤውን፣ ማስታወሻውን፣ ጥቂት የማይባል መጽሐፉን ምድጃ ውስጥ የከተተ ወይም ጓሮ የቀበረ ሰው ብዙ ነው። «ምንም ነገር በጽሑፍ አትተው» የሚለው የወላጅ ምክር ከዚያ የተረፈ ጠባሳ ነው።

ያም ሆኖ የጻፉ ነበሩ። የሰዋስው ሊቁ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ያዩትንና የሰሙትን «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ» ብለው አኑረዋል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሩስያ የተማሩት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ቢያልፉም «ኦቶባዮግራፊ» ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ1999፣ እሳቸው ካረፉ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የልዑል ራስ እምሩም «ካየሁትና ከማስታውሰው» እንዲሁ ከባለቤቱ ዕረፍት በኋላ የወጣ ነው። በሕይወት ሳሉ መሳቢያ፣ ከሞት በኋላ ማተሚያ ቤት፤ የኢትዮጵያ ትዝታ ጸሐፊ መንገድ ይህ ይመስላል።

ከእነዚህ መጻሕፍት የሚነበበው ደግሞ ሹመትና ሽረቱ ብቻ አይደለም። የኅዳር በሽታን እንውሰድ። በ1911 ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ አልጋ ወራሽ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጣለ። ዛሬ ኅዳር 12 በሰበታም በሱሉልታም ጎረቤቱ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያቃጥል፣ ጭሱ ከዚያ ዓመት ጋር እንደሚያያዝ ከሚያየው ሕፃን ስንቱ ያውቃል? መርስዔ ኀዘንን የመሳሰሉ የዓይን ምስክሮች ባይጽፉት ኖሮ «ኅዳር ሲታጠን» ምክንያቱ የጠፋ ጭስ ብቻ ሆኖ በቀረ።

እንግሊዛዊው የመንግሥት ሠራተኛ ሳሙኤል ፒፕስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1660 እስከ 1669 የዕለት ማስታወሻውን በአጭር ጽሕፈት ሲጽፍ ማንም እንዲያነብበት አስቦ አይመስልም። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ከሰነዶቹና ከወይኑ ጋር ምን እንዳዳነ ግን ጽፏል፤ አይቡን። ጉድጓድ አስቆፍሮ የፓርሜዛን አይብ ቀበረ። ስለ እሳቱ ብዙ ተጽፏል፤ እሳት ሲመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚሮጥ የሚነግረን ግን ይህ አይብ ነው። ማስታወሻው ለኅትመት የበቃው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1825 ነበር።

በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ አካባቢ ደግሞ ከፒፕስ ይልቅ መጠቀስ ያለባት ሴት አለች። አስቴር ጋኖ በባርነት ተይዛ ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትል መርከቡን ጣሊያኖች ያዙት፤ ነጻ ወጥታም ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሆና በልጅነቷ የሰማቻቸውን የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች እያስታወሰች ጻፈች፤ ወደ አምስት መቶ ይደርሳሉ። ከፊሎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ በአውሮፓውያን 1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎም በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የእሷም ድካም አለበት። ሁለቱም የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። ማድቤት የሚነገር ተረት፣ እሳት ዳር የሚጠየቅ እንቆቅልሽ፤ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ይጻፋል» የሚለው ዓይነት ነገር ነው ይህች ሴት ከሞት ያተረፈችው።

ዛሬ ሰበታ ውስጥ ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት ሁለት ፊደል በእጁ አለ። ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ቁቤ ከ1984 ወዲህ የትምህርት ቤት ጽሕፈት ሆኗል፤ አማርኛውም አብሮ አለ። ከእናቱ የሰማውን በአንዱ፣ ታክሲ ውስጥ የሰማውን በሌላው ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። እንዲያውም ደብተሩ ከተማውን የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ከተሞቹ ደግሞ ትናንት በነበሩበት የማይገኙ ናቸው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር በ2015 በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የገፈርሳ ግድብ አሁንም ከቡራዩ በላይ ውኃ ይዞ ተኝቷል፤ ዙሪያው ግን ሌላ አገር ሆኗል። ትናንት ጤፍ የታጨደበት ዛሬ ብሎኬት ተቆልሎበታል፤ ከወጨጫ ተራራ ሥር የነበረ ማሳ የፋብሪካ አጥር ሆኗል። መንግሥት የሚመዘግበው አዋጁንና ካርታውን ነው። የመጀመሪያው የባቡር ጥሩንባ ሲነፋ በሬዎች እንዴት እንደደነበሩ፣ ከአስኮ ቡራዩ የታክሲ ታሪፍ ስንት እንደነበረ፣ ሰልፉ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ የሚጽፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ስለ አዲስ አበባ ፒያሳና አራት ኪሎ ልብ ወለዱም ትዝታውም ሞልቷል። ዙሪያዋን ላሉት ከተሞች ግን ጸሐፊያቸው ነዋሪው ራሱ ካልሆነ ሌላ የሚመጣላቸው አይመስልም።

ለመሆኑ ምን ይጻፍ? ማስታወሻ ጀምረው በሳምንቱ የሚተዉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፉት በራሳቸው ትልቅ ሐሳብ ነው። በመስከረም አዲስ አጀንዳ ይገዛል፤ የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሕይወት ትርጉም ይፈላሰፍበታል፤ ጥቅምት ላይ አጀንዳው የስልክ ቁጥር መጻፊያ ይሆናል። የቆዩ ማስታወሻዎች ሲነበቡ ግን የሚያረካው ፍልስፍናው አይደለም። ቀን፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ የሰው አነጋገር፣ የአየሩ ሁኔታ፤ እነዚህ ናቸው ከዓመታት በኋላ ዋጋ የሚያወጡት። «ዛሬ አዘንኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለጸሐፊው ራሱ እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ ምንም አይነግረውም። ሚኒባስ መስኮት ላይ የተለጠፈችን ጥቅስ ከነቀኗ የገለበጠ ሰው ግን የዚያን ሰሞን ቀልድና ብሶት ይዞ አስቀርቷል።

ስልክ ላይ መጻፍም ያው መጻፍ ነው፤ ስልኩ መርካቶ እስኪሰረቅ ድረስ። ደብተርን የሚሰርቅ ሌባ እስካሁን አልተሰማም።

የንባብ ማስታወሻው ደግሞ የራሱ ባህል አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920ም አስፍተው ደገሙት። ለተመራማሪ የምንጭ መዝገብ ነው፤ ሲያዩት ግን የአንድ ጥማተኛ አንባቢ ደብተር ይመስላል። ተራው አንባቢም በአቅሙ ይህን ማድረግ ይችላል፦ መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው፣ ከአዟሪ ከሆነ በስንት ተከራክሮ እንደገዛው፣ ማን እንዳዋሰው፣ የት ቦታ ላይ እንደሳቀና የት ላይ ከደራሲው ጋር እንደተጣላ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። «ግሩም መጽሐፍ ነው» ብሎ የጻፈ አንባቢ ምንም አልጻፈም፤ «ገጽ 80 ላይ ልጅቱ ለምን ዝም እንዳለች አልገባኝም» ያለው ግን መጽሐፉን ዳግም ከፍቶ የሚያይበት ምክንያት አለው። ከሰበታ ሜክሲኮ፣ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓት ለዚህ ይበቃል፤ መቀመጫ ካገኘ ነው እርግጥ።

ማንበብ ሲባል ዓይን ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገልጦት የማያውቅ ስንቱ ሰው ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ አወቀው። እንዲህ የተሰማ መጽሐፍም በአንባቢው ደብተር ቦታ አለው፤ ከማን ጋር፣ በማን ቤት ሬዲዮ እንደተሰማ ቢታከልበት ደግሞ ትዝታው ሙሉ ይሆናል።

ከእንዲህ ዓይነት ጥርቅም የተወለደ ሥነ ጽሑፍም በአማርኛ አለ። ወግ ይባላል። መስፍን ሀብተ ማርያም ቡና ቤት ተቀምጦ ያየውን ሰው፣ የሰማውን ንትርክ ለንባብ አበቃ፤ «የቡና ቤት ሥዕሎች» ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። በዕውቀቱ ሥዩም በ«ከአሜን ባሻገር» መንገድ ላይ ያጋጠመውን ካነበበው ጋር እያዋዛ ሄደ። ሁለቱም ጋ ሲታይ ቁም ነገሩ የተለየ ሕይወት መኖር ሳይሆን የኖሩትን በደንብ ማየት ነው።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ማስታወሻ ብሎ የማይጠራው ማስታወሻ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ያለው ይህ ሜዳ የሯጮች አገር ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ መም ያሠራው እዚህ ነው። ረጅም ርቀት የሚሠራ አትሌት ወይም አሠልጣኙ ስንት ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደተሮጠ፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ እግር ያመመው የትኛው ጠዋት እንደነበረ ይመዘግባል። ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን ጉዳት ሲመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ መንስኤው የሚፈለገው ከዚያ ነው። ከደቂቃው ጎን «ጉም ነበር፣ ሣሩ ታጭዷል» የሚል ቢጨመርበት የሯጩ ደብተር የሱሉልታም ደብተር ይሆናል።

ሰበታ ሌላ ዓይነት ደብተር ታውቃለች። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብዙ ዓይነ ስውራንን በብሬል አስተምሯል። በብሬል ሲጻፍ ወፍራም ወረቀት ስሌት በሚባለው ሰሌዳ ተይዞ በሹሉ ስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ሲነበብ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። አንዱ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ለተነባቢውና ለአናባቢው ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ አጭር የመሰለች የቀን ውሎ ሙሉ ገጽ ትሞላለች፣ የአንድ ዓመት ማስታወሻ ደግሞ መደርደሪያ ይጠይቃል። ጸሐፊው ቃሉን የሚመርጠው ጣቱ እየደከመው ነውና ትርፍ ነገር አይበዛበትም። ማታ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ሱቁ ሻማ በዱቤ ሲያድል፣ የዚያ ደብተር ባለቤት ካቆመበት መስመር ጀምሮ ያነባል።