ስም ያጣው ጉበት

አርሲ ነገሌ ሲነሳ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አረቄዋን ነው። ድፍድፉ ይጣዳል፣ እንጨቱ ይነድዳል፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ በጄሪካን ተሞልቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። ታዲያ ከዚህ አካባቢ የመጣ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ «ኬ70» ከብዕሩ ቀድሞ ሐሳብ ላይ ይመጣል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም ኬ70 ማለት በአልኮል የመጣ የጉበት በሽታ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ቢሆንስ? ሥር የሰደደው ዓይነት የሚመዘገበው በቢ18 ሥር ነው። አረቄ የሚጠጣ ሰው ቫይረሱ አይይዘውም ያለ የለም፤ ደሙ ካልታየ ግን ግምቱ ኮድ ሆኖ ይቀራል።

ኮድ ምን ያህል ይታመናል የሚለውን አሜሪካኖች ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችን ኮዶች ከሕክምና ካርዶች ጋር አመሳከረ። የሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት መጠጠርና መጠባሰስ፣ ኮድ ከተሰጣቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል በእርግጥም ታማሚ ነበሩ። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ማን እንደታመመ እንጂ ምን እንዳሳመመው አይናገርም።

ያንን ጥያቄ ሐረር ላይ ያነሱት ኖርዌያዊው ሐኪም ስቲያን ኦርሊንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሕይወት ፋናና በጁገል ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይዟቸው የመጡ 150 ሰዎችን መረመሩ። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። 55ቱ ላይ ጥፋተኛው ሄፓታይተስ ቢ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹን ቫይረሶች፣ አልኮልን፣ የገዛ አካልን የሚያጠቃውን የመከላከያ ሥርዓት መዛባት አንድ በአንድ እያነሱ ፈተሹ። በመጨረሻ 83 ሰዎች ያለ ምክንያት ቀሩ፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቁጥር ነው፤ መዝገብ ላይ ቢሰፍሩ ሁሉም «ምክንያቱ ያልተገለጸ» ተብለው በአንድ ረድፍ ይታጎሩ ነበር።

ሐረር ላይ ደግሞ ጫት አለ። ተመራማሪዎቹ የ150ዎቹን የመቃም ልማድ ጉበታቸው ካልታመመ 300 ሰዎች ልማድ ጋር አስተያዩት። ጫት የሚቅሙት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ፤ ብዙ በቃሙ ቁጥርም አደጋው ጨመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። እርግጥ አብሮ መገኘት ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም ስም ላጡት ጉበቶች አንድ ተጠርጣሪ ተገኘ።

በምደባው መጽሐፍ ግን ጫት ለብቻው የተሰጠው የጉበት ኮድ የለም። ቅርቡ ኬ71 ነው፤ በመርዛማ ነገር ወይም በመድኃኒት የተጎዳ ጉበት የሚመዘገብበት።

ወደ አርሲ ነገሌው ሰውዬ እንመለስ። ከሰዓት ቅሞ፣ ማታ ምርቃናውን በአረቄ ጨብሶ የሚተኛ ይሆናል። ለጨብሲው ኬ70 አለ። ስለ ምርቃናው ግን ካልተጠየቀ ራሱም አያነሳው።