ሺህ ዓመት የተኛው ልጅና ደጅ የቀረው ውሻ

ፍራይ ይባላል። ኒውዮርክ ውስጥ ፒዛ ያመላልሳል፤ ዕድሜው ሃያ አምስት ነው፤ ሥራውን አይወድም፤ ፍቅረኛው የዚያኑ ዕለት ጥላው ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጨረሻ ሌሊት፣ ሰውን በብርድ አድርቆ ለመጪው ዘመን ወደሚያስቀምጥ ቤተ ሙከራ ፒዛ ይዞ ይሄዳል። ያዘዘ ሰው የለም፤ የተደወለለት ለቀልድ ነው። በሽቆ ወንበር ላይ ይቀመጥና ለራሱ ቢራ ይከፍታል። ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ይከዳውና የኋሊት ከማቀዝቀዣው ውስጥ ይወድቃል። በሩ ይዘጋል። ሲነቃ ሺህ ዓመት አልፏል።

«ፊውቱራማ» የተሰኘው የአሜሪካ አኒሜሽን ኮሜዲ የሚጀምረው እንዲህ ነው። «ዘ ሲምፕሰንስ»ን የፈጠረው ማት ግሬይኒንግ ከዴቪድ ኤክስ ኮኸን ጋር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ፎክስ የተባለው ጣቢያ ማርች 28 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ማሳየት ጀመረ። ፍራይ በአዲሱ ዘመን ከወንድሙ ዘር የተወለደ አንድ የጃጀ ፕሮፌሰር ያገኛል፤ ፕሮፌሰሩ ደግሞ በጠፈር መርከብ ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት አለው። ሺህ ዓመት ተኝቶ የተነሣው ሰው ተመልሶ የተቀጠረው ለዚያው ለማመላለስ ሥራ ነው። አብረውት የሚሠሩት አንድ ዓይን ብቻ ያላት የመርከቧ አዛዥ ሊላና ካልጠጣ የማይሠራ፣ እጁም የማያርፍ ሮቦት፣ ቤንደር ናቸው።

ያ ሌሊት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 1992 ነበር። እኛ ሚሊኒየሙን የተቀበልነው ከዚያ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቆይተን ነው። ኮምቦልቻ አንድ ተማሪ፣ «ፍራይ የእኛ አገር ሰው ቢሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለመግባት ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር» ሲል ሰምቼ ስቄያለሁ።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ካርቱን ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቅ የለም። የሚመጣው በፍላሽ ነው። ሙዚቃና ፊልም ከሚጭኑት ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ ብለው ስሙን ይናገራሉ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ይፈልጋል፣ ካለው ይጭንልዎታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ደግሞ ሱቅም አያስፈልጋቸውም፤ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ ይቀባበሉታል። ከእነሱ በፊት የነበረው ልጅ ካርቱን የለመደው በዲሽ ነው። እህት ወይም እናት ዓረብ አገር ሠርታ በላከችው ገንዘብ ዲሽ ይተከላል፤ ልጆቹ ኤምቢሲ ሦስት የተባለው የዓረብኛ ጣቢያ ላይ ተጥደው ይውላሉ፤ ትንሽ ቆይቶ እርስ በርሳቸው በዓረብኛ ሲሳደቡ ይሰማል። ያው ኤምቢሲ በ2005 እ.ኤ.አ. የግሬይኒንግን «ዘ ሲምፕሰንስ» ራሱን «አል ሸምሹን» ብሎ ዓረብኛ አድርጎት ነበር። የቤቱ አባት ሆመር ዑመር ተባለ፣ ግብፃዊው ኮሜዲያን መሐመድ ሄነዲ ድምፁን ሰጠው፣ ቢራው ለስላሳ ሆነ። ሃምሳ ሁለት ክፍል ታስቦ ሠላሳ አራት ላይ ቆመ። ቢራውን የነጠቁት ሆመር ብዙም አላሳቀም።

ፊውቱራማ ግን ወሎ ውስጥ መተርጎም የማያስፈልገው ነገር አለው። ተኝቶ ሌላ ዘመን ላይ የነቃ ሰው እዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጁምዓ ዕለት በሚቀራው የቁርኣን ምዕራፍ፣ በሱረቱል ከህፍ፣ ከጣዖት አምላኪዎች የሸሹ ወጣቶች ዋሻ ገብተው ሦስት መቶ ዘጠኝ ዓመት ይተኛሉ፤ ሲነቁ አንድ ቀን ወይም የቀን እኩሌታ የተኙ ይመስላቸዋል፤ አንዳቸውንም ብር አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ይልኩታል። በቤተ ክርስቲያን በኩል በዋሻ የተኙት የኤፌሶን ሰባት ወጣቶች በስንክሳር ነሐሴ 20 ቀን ይታሰባሉ። በተረፈ ባሮክ ደግሞ አቤሜሌክ አለ፤ እሱማ ኢትዮጵያዊ ነው። በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይልና ስድሳ ስድስት ዓመት ይተኛል፤ ሲነሣ በቅርጫቱ ያለው በለስ ወተቱ ገና አልደረቀም፣ ኢየሩሳሌም ግን የሚያውቃት ከተማ አይደለችም። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ልጅ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ከእነዚህ አንዱን ሳይሰማ አያድግም። ስለዚህ የፍራይን ታሪክ ሲያይ «እንዴት ይሆናል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ከዚያስ?» ብሎ ነው።

ከዚያማ አንዱ ክፍል ላይ ፍራይ ወደ ድሮ ባንኩ ይሄዳል። ሂሳቡ ውስጥ የነበረችው ዘጠና ሦስት ሳንቲም ነበረች። በዓመት 2.25 በመቶ እየወለደች ሺህ ዓመት ስትቆይ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ሆናለች። ይህ የጸሐፊዎቹ ፈጠራ አይደለም፤ ስልክ አውጥተው ቢያሰሉት ትክክል ነው፤ የኮምቦልቻ ተማሪዎቹ ፊልሙን አቁመው አስልተውታል። ከመካከላቸው አንዱ ታዲያ ውጤቱን አይቶ፣ «የእሱ ዘጠና ሦስቷ ሳንቲም ብቻ ናት፤ ሌላው ወለድ ነው፣ ሐራም ነው» ብሎ ቢሊየነሩን ደሃ አደረገው። ካርቱኑን የጻፉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ አንድ ክፍል የሚሠሩበት ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ የሚያወራለት ክፍል ግን «ጁራሲክ ባርክ» ነው። የጻፈው ኤሪክ ካፕላን ነው፤ የታየው ኖቬምበር 17 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ኅዳር 8 ቀን 1995። ፍራይ ሙዚየም ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የድሮ ፒዛ ቤቱን ያያል። ከፍርስራሹ መካከል ድንጋይ የሆነ ውሻ አለ፤ የራሱ ውሻ፣ ሲሞር። ፕሮፌሰሩ ውሻውን ከነትዝታው መልሶ ሊፈጥረው እንደሚችል ይናገራል። ቤንደር በቅናት ይቃጠላል፤ ድንጋዩን የቀለጠ ዐለት ውስጥ ይወረውረዋል፤ ተመልሶም ራሱ ያወጣዋል። እስከዚህ ሳቅ ነው። ማሽኑ ሊነሣ ሲል ፕሮፌሰሩ ሲሞር በአሥራ አምስት ዓመቱ እንደሞተ ይገልጻል። ፍራይ ያስባል፦ እኔ ጥዬው ስሄድ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ሌላ ሰው ወድዷል፣ እኔን ረስቷል። ልተወው። ማሽኑን ያስቆማል።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያች ሌሊት ማግሥት ጀምሮ ሲሞር ፒዛ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። ዘፈን አለ፤ ንግግር የለም። በረዶ ይወርዳል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ የፒዛ ቤቱ ባለቤት ፀጉር ይሸብታል። ውሻው አይነሣም። በመጨረሻ ጋደም ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። ክፍሉ በዚያው ያልቃል።

ይህ ፍጻሜ የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሜዲ ተመልካቹን ያለምዳል፤ የቱንም ያህል ቢያሳዝን መጨረሻ ላይ ቀልድ አለ፣ አብሽር ይባላል። እዚህ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀልድ የጠበቀ ሰው የመጨረሻዋን ደቂቃ ያለ ቀልድ ይቀበላታል። በዚያ ላይ እኛ የምናውቀውን ፍራይ አያውቅም። ረስቶኛል ብሎ በፍቅር ተወው፤ ውሻው ግን አንድ ቀንም አልረሳም። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ውሻ ሳይሆን የፍራይን እናት ነበር፤ እናት በጣም ታሳዝናለች ተብሎ በውሻ ተለወጠች። ሸክሙን ለማቅለል ብለው ይበልጥ አከበዱት። ክፍሉ በ2003 እ.ኤ.አ. ለኤሚ ሽልማት ታጭቶ በዚያው በግሬይኒንግ በ«ዘ ሲምፕሰንስ» ተረታ። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ያሉ አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን «ምርጡ ይህ ነው» ይላል፣ ሌላው «ምርጡ ይህ ነው፤ ዳግመኛ ግን አላየውም» ይላል። ጃፓኖች ይህን ሐዘን ከእውነተኛ ውሻ ያውቁታል። ሃቺኮ ጌታው በ1925 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ እስከ 1935 ድረስ ጠብቆታል።

ኮምቦልቻ ይህን ክፍል ያየሁት ተማሪዎች ከተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሙቀቱ በሩን አስከፍቶ ነበር፤ ላፕቶፑ የተቀመጠው በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ሲያልቅ የተናገረ አልነበረም። አንዱ «ስልክ አለብኝ» ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ግን ምንጣፉ ላይ ቀርቷል። ሌላው በፍራይ ተናደደ፦ «ማሽኑ እጁ ላይ አይደለም እንዴ! ቀስቅሶ ቢጠይቀው ምን ነበረበት?» ሦስተኛው ጭራሽ አልተዋጠለትም፤ ውሻ የሚጠብቀው ፒዛውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም አለ። ጓደኛው ግን ለቀቅ አላደረገውም፦ «ለፒዛ ብሎ አሥራ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አለ?» ክርክሩ በዚያች አበቃ።

ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ወዳጄ ለአክስቱ እየተረጎመ አሳያቸው። ብርድ ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሲኒያቸውን ይዘው፣ ሮቦቱ ሲመጣ እየተሳለቁ ተመለከቱ። መጨረሻው ላይ ግን ሲኒውን አስቀመጡት።

«የዋሻው ልጆች ውሻቸው አብሯቸው ነው የተኛ» አሉ። «ይኼኛው ጥሎት ነው የተኛ።»

«አክስቴ፣ ሳያውቅ እኮ ነው።»

«አወቀ አልኩ?»

በውጭ አገር አድናቂዎች ስለዚህ ክፍል ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኒህ እናት የተናገሩትን ያህል የቀረበው ግን አላጋጠመኝም። በሱረቱል ከህፍ ውሻው የፊት እግሮቹን ከዋሻው ደፍ ላይ ዘርግቶ ከጌቶቹ ጋር ይቆያል፤ ሰዎች ስለ ተኚዎቹ ቁጥር ሲከራከሩም ሦስት ቢሉ አራተኛው ውሻቸው፣ አምስት ቢሉ ስድስተኛው ውሻቸው፣ ሰባት ቢሉ ስምንተኛው ውሻቸው ይባላል። ሳይቆጠር አይታለፍም። ፊውቱራማ የሳለው ከቁጥሩ የጎደለውን ውሻ ነው።

ሠሪዎቹም ሳይቆጫቸው አልቀረም። በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ቤንደርስ ቢግ ስኮር» በተሰኘ ፊልም፣ በጊዜ ጉዞ የተፈጠረ ሁለተኛ ፍራይ ወደ ድሮው ዘመን ተመልሶ ከሲሞር ጋር እስከ 2012 ሲኖር ያሳያሉ። ተመልካቹ እንደገና ተከፈለ። ግማሹ ተመስገን አለ፤ ግማሹ እንባችንን ነጠቃችሁን ብሎ አኮረፈ። እኔ ከኩርፈኞቹ ጋር ነኝ፤ ከሞተ በኋላ ካሣ የተከፈለለት ውሻ ሌላ ውሻ ነው።

ፊውቱራማ ሐዘን ብቻ አይደለም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኬን ኪለር በሐርቫርድ በሒሳብ ዶክትሬት የሠራ ሰው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታየው «ዘ ፕሪዝነር ኦፍ ቤንዳ» የሰውን ነፍስ ከሰው አካል የሚያለዋውጥ ማሽን አለ፤ ችግሩ አንዴ የተለዋወጡ ሁለት ሰዎች ዳግመኛ እርስ በርሳቸው መለዋወጥ አለመቻላቸው ነው። ሁሉም ተዘበራርቀው ሲያበቁ፣ ሒሳብ አዋቂ የሆኑ ሁለት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች መፍትሔ ያመጣሉ። ኪለር ለዚህ ክፍል ሲል እውነተኛ የሒሳብ ማረጋገጫ ጽፏል፦ የተዘበራረቁት ስንትም ቢሆኑ፣ ከውጭ ሁለት ሰው ብቻ ከተጨመረ ሁሉም ወደየአካሉ ይመለሳል። የኮምቦልቻ ተማሪዎቹ በአራት ቆርኪ ሞከሩት። በየቆርኪው ሥር በብጣሽ ወረቀት ስም አስቀመጡ፤ የሁለቱን ወረቀት አለዋወጡ፤ ሌሎቹን ሁለቱን እንደ እንግዳ ቆጠሩ። በአምስት ልውውጥ፣ አንዱንም ጥንድ ሳይደግሙ፣ አራቱም ወረቀት ቦታው ገባ።

እንዲህ ያለ ተንኮል በየቦታው አለ። ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ ግድግዳ ላይ የሚታየው የጠፈር ሰዎች ጽሑፍ እንደ ልጆች የወፍ ቋንቋ ቁልፉን ላወቀ የሚፈታ እንግሊዝኛ ነበር፤ ተመልካቾች ቶሎ ፈቱት፤ ጸሐፊዎቹም ኋላ የከበደ ሁለተኛ ፊደል አመጡ። ፎክስ በ2003 እ.ኤ.አ. ቢያቋርጠውም የዲቪዲው ሽያጭና የሌሊት ድጋሚ ስርጭቱ መልሰው አስነሡት፤ ኮሜዲ ሴንትራል ከ2010 እስከ 2013 አሳየው፤ «ሁሉ» የተባለው የኢንተርኔት ጣቢያ ደግሞ በ2023 መልሶ ጀመረው።

ካርቱን ነው ብለው ለሕፃናት እንዳይከፍቱት፤ ስካሩና የአዋቂ ቀልዱ ብዙ ነው። ለማየት የፈለገ ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምር፣ ቀጥሎ የባንኩን፣ ከዚያ ሲሞርን። ወሬያቸው ፈጣን ስለሆነ ሰብታይትሉን አብሮ እንዲጭንልዎት ለልጁ ይንገሩት። ሲሞር ያለበትን ክፍል ከአራተኛው ሲዝን ፎልደር ካጡት አምስተኛው ውስጥ ይፈልጉ፤ ፎክስ ክፍሎቹን በተሠሩበት ቅደም ተከተል ስላላሳየ ቁጥሩ ከቅጂ ቅጂ ይለያያል።